መርዶ ይዤ የነዳሁት መንገድ

ፖከር ያስተማሩኝ የምጦራቸው ሽማግሌ ናቸው። እዚህ ሮም እንደኔ ያለችውን ሴት ባዳንቴ ይሏታል፤ ሽማግሌ ባስነጠሰ ቁጥር ይማርዎ ባይ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ መድኃኒታቸውን እያስዋጥኩ፣ ሾርባቸውን እያበረድኩ ኖሬያለሁ። ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ካርታ ያወጣሉ። መጀመሪያ «ይሄ የሰይጣን ሥራ ነው፣ እጄንም አላስነካ» አልኳቸው። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ እንግዲያው ከሰይጣኑ ጋር እጫወታለሁ» አሉና ለባዶው ወንበር ካርታ አደሉለት። አንጀቴን በሉት፣ ቁጭ አልኩ። በገንዘብ ፈንታ ሽምብራ ነበር የምናስይዘው። በሦስተኛው ወር ሽምብራቸውን ሙልጭ አድርጌ ወሰድኩና ለእራት ቀቀልኩላቸው።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ሲኞሬ የምላቸው ሽማግሌ በጉብዝናቸው ጊዜ ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ባለች የባሕር ከተማ፣ ካዚኖ እየሄዱ ይጫወቱ ነበር። አሁን እግራቸው የሚያደርሳቸው ከአልጋ እስከ መስኮት ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ከሰዓት ፖስታ ሰጡኝ፤ ውስጡ የአንድ ቅዳሜ የፖከር ውድድር መግቢያ ገንዘብ ነበር። «ልጄ ቅዳሜና እሑድን ከኔ ጋር ትሆናለች። መኪናዬን ውሰጂና ሂጂ ተጫወቺልኝ። ስትመጪ የደረሰሽን ካርታ ሁሉ ትነግሪኛለሽ» አሉኝ። አልዋሽም፣ የዚያን ለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ስወለውል ኖሬ፣ በዚህስ ጎበዝ ነኝ ብዬ በልቤ የምኮራበት ካርታ ብቻ ነበር።

ጓደኛዬን ይዣት ልሄድ ወሰንኩ። ኤስኲሊኖ ሰፈር አንዲት ክፍል ተጋርተን ስንኖር ሰባት ዓመታችን ነበር፤ የሷ አልጋ በመስኮቱ በኩል፣ የኔ በበሩ በኩል። እሷ ካርታ አይገባትም። የምትወደው ቢራ ነው። ጠጪ ናት ማለቴ አይደለም፤ እናቷ ጉለሌ ጠላ ሸጠው ነው አራት ልጅ ያሳደጉት። ልጅነቷ ያለቀው ብቅል ስታሰጣ፣ ጌሾ ስትወቅጥ፣ ጋን በወይራ ስታጥን ነው። ስለዚህ ሰው ሮም መጥቶ ስለ ወይን ሲጠይቅ እሷ ስለ ቢራ ትጠይቃለች፤ ያውም ስለ ፋብሪካው ሳይሆን፣ እዚያው ቤታቸው ጠምቀው እዚያው ስለሚሸጡት። ጣልያኖቹ ቢሪፊቾ ይሉታል። «ጠላ ቤት ከፍተው እኮ ነው ስም ያወጡለት» ትላለች። በመንገዳችን ላይ ሦስት እንዲህ ያለ ቤት ከስልኳ ፈልጋ አገኘች። አሎራ፣ እንግዲህ ጉዞው ተቀናጀ፤ ለኔ ካርታ፣ ለሷ ቢራ።

ሌላም ደስታ ነበረን፣ ግን ምስጢር ነው። ዘጠኝ ዓመት ስታሳድደው የኖረችው ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት እጇ ገብቷል። ከዚህ ከወጣች መመለስ ስለማትችል ዘጠኝ ዓመት እናቷን በዓይኗ አላየችም። አሁን ለገና ሳትነግራቸው ሄዳ በራቸውን ልታንኳኳ ነው ሐሳቧ። ለወንድሟም፣ ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለኔ ብቻ። «ሰው ከሰማ አለቀልኝ» አለች። እውነቷን ነው። እዚህ አገር አንዷ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው ከተባለ ሻንጣዋ የሷ መሆኑ ይቀራል። አንዷ ለእህቷ ጫማ፣ ሌላዋ ለአባቷ የስኳር መለኪያ፣ ሦስተኛዋ «ትንሽ ነገር ናት» ብላ ብርድ ልብስ ታመጣለች። ስለዚህ ለእትዬ እንኳ አልነገርናቸውም። እትዬ የጽዋ ማኅበራችን ታላቅ ናቸው፤ ሮም ውስጥ የወለደችም የሞተባትም መጀመሪያ የምትደውለው ለሳቸው ነው። ለዚህኛው ጉዞም ወዴት ናችሁ ሲሉን «ጄኖቫ ዘመድ ልንጠይቅ» ብለናቸዋል። ካዚኖ ብንላቸው ጸበል ይረጩን ነበር።

ዓርብ ከምሳ በኋላ በሲኞሬው አሮጌ ፓንዳ መኪና ወጣን። እኔ እነዳለሁ፣ እሷ ከጎኔ ብርቱካን እየላጠች ታጎርሰኛለች። ከሮም ስትወጣ ፖሊስ ባየች ቁጥር ወንበሯ ውስጥ ስትሰምጥ ያላየኋት ያን ለት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እንዲያውም አንድ የፍጥነት ተቆጣጣሪ መኪና ስናልፍ እጇን አውለበለበችለት።

የመጀመሪያው ቢሪፊቾ ቶስካና፣ ኮረብታ ላይ ባለች መንደር ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ጢማም፣ ሆዳም፣ ደስ የሚል ሰውዬ። ጥቁሩን ቢራ ቀመሰችና ከንፈሯን መጥጣ «አሻሮው አርሯል» አለች በአማርኛ። ምን አለች ብሎ ጠየቀኝ፤ ገብሱን ስትቆሉ አሳርራችሁታል ነው የምትለው ብዬ ተረጎምኩለት። ይቆጣል ስል ሳቀና እጇን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰዳት። ጆንያ ከፍቶ ብቅል አሳያት። አንስታ አሸተተች፣ ቆረጠመች፣ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ብቅል አይቶ ሲያለቅስ ያየሁት አንቺን ብቻ ነው» አልኳት። «ዝም በይ አንቺ ሽምብራ ቆጣሪ» አለችኝ።

እዚያው ሆና ለእናቷ ደወለች። የቢራውን በርሜል በስልክ ልታሳያቸው፣ ጢማሙንም ሰላም ልታስብላቸው። እናቷ ጋቢ ተከናንበው አልጋ ላይ ነበሩ። ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል አሉ። በርሜሉን አይተው «ጌሾ አለበት?» ብለው ጠየቁ። የለም፣ እነሱ ሌላ ተክል ነው የሚከቱት ስትላቸው «ጌሾ የሌለው ደግሞ ምን ጠላ ነው፣ ውኃ ጠጪ» አሉና ሳሉ። ስቀን ዘጋን። ከዚያ በኋላ ከልጃቸው ጋር አልተነጋገሩም።

ማደሪያችን እዚያው መንደር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን ወደ ሁለተኛው ቤት ነዳን፤ ከሉካ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የድሮ ወፍጮ ቤት ውስጥ። እሷ ገብታ ከጠማቂዋ ሴት ጋር ወሬ ስትጀምር እኔ ግቢው ውስጥ የመኪናውን መስተዋት እወለውል ነበር። ልማድ ነው፣ እጄ ሥራ ካጣ ያመኛል። ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ናቸው።

«የት ናችሁ?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ነን፣ እትዬ። ምነው በደህና?»

«አጠገብሽ ናት?»

«የለችም፣ ውስጥ ናት።»

«ራቅ በይ እስቲ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የኛ አገር ሰው «ራቅ በይ» ሲል ሌላ ትርጉም የለውም። ከመኪናው ኋላ ሄጄ ቆምኩ። እናቷ ሌሊት ዐርፈዋል። ጉንፋን የተባለው ጉንፋን አልነበረም። ወንድሟ ለሷ መደወል አልሆነለትም፣ እንደ ወጉ በሰው ትስማ ብሎ ለእትዬ ደወለ።

«ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የእናትየዋ ወንድም ከደሴ እስኪደርሱ ብለው ነው ያቆዩት» አሉኝ እትዬ። «ስሚኝ ልጄ። ትንፍሽ እንዳትይ። መንገድ ላይ መርዶ አይነገርም። አስፋልት ላይ ብትወድቅብሽ ብቻሽን ምን ታደርጊያታለሽ? እንደምንም ችለሽ ይዘሻት ግቢ። ሰኞ ማለዳ እኛ መጥተን እንነግራታለን።» ከዚያ ጨመሩ፤ «ወረቀት ያላት ብትሆን እኮ ዛሬ ማታ አሳፍረን ለቀብሩ ባደረስናት። ምን ዋጋ አለው፣ የላትም። አሁን መንገር ማቃጠል ብቻ ነው።»

እትዬ፣ ወረቀቷ ወጥቷል። ይህን ማለት ብቻ ነበር የነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው።

አፌን ከፍቻለሁ፣ ይህን አስታውሳለሁ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ወደ ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ አራት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። አውሮፕላኑ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሲነጋ አዲስ አበባ ነው። ፓስፖርቷና ፔርሜሶዋ ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው፤ ካዚኖ ያለ መታወቂያ አያስገባም ብዬ ያስያዝኳት እኔው ነኝ። የሲኞሬው ፖስታ ለቲኬት ይበቃል። ውድድሩ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ባንዴ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የገባው፤ አላሰብኩትም ብዬ ብምል ምላሴ ይቆረጥ።

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ እዚያው ቆምኩና ለራሴ ተሟገትኩ። ወግ ነው። ታላቅ ሰው አዘውኛል። እኔ ማን ነኝና ከታላቅ ቃል እወጣለሁ? መንገድ ላይ ብነግራት በእውነት ብትወድቅስ? እናቷን አፈር ሲመለስባቸው ከማየት ሳታይ ብትቀር አይሻላትም? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰበብ ስደረድር አንዱም ውሸት አልነበረም። እንደኔ ላለው ሰው እውነተኛ ሰበብን የመሰለ መደበቂያ የለም። አትፍረዱብኝ ልል ነበር፤ የለም፣ ፍረዱብኝ።

እሷ በሩ ላይ ብቅ አለች፣ ጠርሙስ ታቅፋ። «ይቺን ለእማዬ ገዛኋት። ለገና ይዤላት ሄጄ ጌሾ የሌለው ጠላ እንኪ ቅመሺ እላታለሁ» አለችኝ። ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» አለች። «ፀሐዩ ነው» አልኳት። የጥቅምት ፀሐይ እንኳን ሰው ሊያዞር ጨርቅም አያደርቅ። አመነችኝ። ጠርሙሷን በሹራቧ ጠቅልላ ኋላ ወንበር ላይ አስተኛቻት፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሰሜን ነዳን።

መንገዱ ሦስት ሰዓት ይሆናል። ከአንዱ ዋሻ ወጥተን ሌላው ዋሻ ውስጥ እንገባለን፣ ተራራው ተቦርቡሮ የተሠራ አውራ ጎዳና ነው፤ በስተግራ ባሕሩ ይታያል። እሷ ባሕሩን ለእናቷ ልታሳያቸው ደጋግማ ትደውላለች። ስልኩ ዝግ ነው። ወንድሟ ጋ ሞከረች፣ አያነሳም። «ምን ሆነው ነው ዛሬ?» አለችኝ።

«መብራት ጠፍቶባቸው ይሆናል» አልኳት።

«የሁሉም ቤት?»

«ኔትወርኩን ታውቂው የለ።»

አፌ እንዲህ ቶሎ ቶሎ መዋሸቱን እኔም አላውቅለትም ነበር። ፊቴ እንዳያሳብቅብኝ ማድረግ የለመድኩት ከሲኞሬው ጋር ሽምብራ ሳስይዝ ነው። አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመን «ልመለስ» አልኩ በሆዴ። ያን ጊዜም ገና ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ዞሬ ብነዳ እደርስ ነበር። ነዳጅ ቀድቼ፣ መስተዋት ወልውዬ፣ ቀጠልኩ።

ካዚኖው ደጃፍ ላይ ኮትና ከረባት ያደረገ ሰው መታወቂያ ጠየቀን። እኔ የኔን ሰጠሁ። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ ያቺን አዲስ ካርድ በሁለት ጣቷ አወጣቻት፣ ጥግ ጥጓ እንኳ አልተቆላመመም። ሰውዬው አየና «ግራትሲዬ፣ ሲኞራ»፣ አመሰግናለሁ እመቤት፣ ብሎ ጎንበስ አለላት። ዞር ብላ ዓይኗን በልጥጣ አየችኝ፣ «ሲኞራ አለኝ እኮ» ብላ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችውን ፔርሜሶ መጀመሪያ ያሳየችው ለካዚኖ በረኛ ነው። ያቺ ካርድ በዚያች ሰዓት መታየት የነበረባት አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ይህን የማውቀው በዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሷን አዳራሹ ውስጥ ብርቱካን ጭማቂ ይዛ አስቀመጥኳትና ጠረጴዛዬን ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከዘጠኝ ወንዶች መሐል ሴት እኔ ብቻ፣ ጥቁርም እኔ ብቻ። ስገባ ያሰብኩት ምንድን ነው፤ ቶሎ ተሸንፌ ልውጣና እውነቱን ልንገራት። አሁንም ቢሆን ሌላ በረራ ይኖር ይሆናል፣ ቢያንስ ትወቅ አልኩ። ሁለት ዙር ካርታዬን እየጣልኩ አሳለፍኩ። ሦስተኛው ላይ ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ የወርቅ ሰንሰለት ያጠለቀ ሰውዬ ያለውን ሁሉ ገፍቶ አስያዘ፣ እኔም ተከተልኩት፣ ወሰድኩበት። እነሱ በሽምብራ ፈንታ የሚያስይዙት ባለ ቀለም መጫወቻ ወደኔ ሲከመር አንድ ሽማግሌ «ብራቫ» አሉኝ። እነዚያን ሃያ ደቂቃዎች በሙሉ ጉለሌ ሬሳ መኖሩን ረሳሁት። ነገሩን ችዬ ሳይሆን ፈጽሞ ረስቼው። ወደ አዳራሹ ዞር ስል እሷ ከሩቅ ሁለት አውራ ጣቷን አንሥታ ታየኛለች። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ከዚያ ወዲያ እጄም ልቤም አልታዘዘኝም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን መጫወቻዬ አልቆ ተነሣሁ። ሌላ በረራ አልነበረም፣ በስልኬ አይቻለሁ፤ ለቀብሩ የሚያደርስ ምንም አልነበረም። ስለዚህ አልነገርኳትም። አሁን ደግሞ የእትዬን ወግ የምጠብቀው በእውነት ሌላ የምጠብቀው ስለሌለ ነበር። እሷ ግን አቅፋ አጽናናችኝ። «አይዞሽ የኔ እናት፣ ለሴት እንዲህ መድረስም ቀላል አይደለም» አለችኝ። እኔን ነው ያጽናናችው። ያልፋል፣ ይረሳል ብላ ጀርባዬን መታ መታ ስታደርግልኝ ምነው በሞትኩ አልኩ።

እሑድ ጠዋት ወደ ሮም መመለስ ጀመርን። ግሮሴቶ አካባቢ ሦስተኛው ቤት ይቀረን ነበር። «ዛሬስ ይቅር፣ ደክሞኛል» አልኳት። «ያንቺን ጨርሰሽ የኔን ልታስቀሪ ነው?» አለችኝ። ምን ልበል? ገባን። አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያ ስምንት ነበር። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበረ፣ እሱን እያየሁ ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ላይ እሷ ከፊቴ ተቀምጣ በአረፋ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ትስቃለች። አሻሻጩ እጇን ስሞ ቢራውን ማን እንዳስተማራት ጠይቋት፣ «ላ ሚያ ማማ» ብላ ስለ ጋን ማጠን ልታስረዳው ትሞክራለች። ተነሥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ውኃውን ከፍቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። የሷን ልቅሶ የሰረቅኩ ያህል ነው ያለቀስኩት። ስመለስ ብርጭቆዋን አንሥታ «በእማዬ ጤና» አለች። እኔም ብርጭቆዬን አነሣሁ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። እትዬ፣ አራት የማኅበር ሴቶችና አንድ ዲያቆን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እሷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አየቻቸው። መርዶ እንዲህ ነው፣ ቃል ሳይወጣ በፊት ነጠላው ይናገራል። «የቱ ነው? ወንድሜ ነው?» አለች። «እማዬ ናት?» አለች ቀጥላ። እትዬ እጇን ያዟት።

ልቅሶዋን አልጽፈውም።

ትንሽ ሲበርድላት ሴቶቹ ስለኔ ማውራት ጀመሩ። «ይቺ ልጅ እኮ ከቅዳሜ ጀምሮ ይዛው ነው» አለች አንዷ። «ሁለት ቀን ሙሉ አብራት በልታ አብራት ጠጥታ፣ ሆድ ይሏል እንዲህ ነው» አለች ሌላዋ። አንዷ ግንባሬን ሳመችኝ። እንዲህ ያለ ምስጋና ከጥፊ ይብሳል። ጓደኛዬም እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ያዘችና «እንዴት ቻልሽው የኔ እናት» አለችኝ።

ከዚያ መቼ ተቀበረች ብላ ጠየቀች። ትላንት በዘጠኝ ሰዓት አሏት። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ወረቀት ቢኖርሽ እኮ» ብለው እትዬ ሊያጽናኗት ሲጀምሩ፣ እሷ ተነሥታ ቦርሳዋን ዘረገፈች። ያቺን ካርድ አነሣችና ለእትዬ ዘረጋችላቸው። «ወጥቶልኛል እኮ፣ እትዬ። ለገና ልሄድላት ነበር» አለች። ሌላ ምንም አላለችም፣ ደግማ ደግማ ይህንኑ ብቻ።

እትዬ ካርዱን አላዩትም፤ ያዩት እኔን ነው።

ወጥ ቤት ተከትለውኝ ገቡ። በሩን ገርበብ አደረጉና «ታውቂ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ስደውልልሽም?»

«ያን ጊዜም አውቅ ነበር።»

ብርጭቆ አንሥተው አጠቡ። ንጹሕ ብርጭቆ ነበር። «ለምን ዝም አልሽ?» አላሉኝም። «ስትጠይቅሽ ቅዳሜ ማታ ነገሩኝ በያት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔም እንዲያው እላለሁ። የሞተ አይመለስ፣ የቆመው እንዳይፈርስ። ኃጢአቱ የኔም ነው፣ ሳላጣራ ነው ያዘዝኩሽ።» ታላቅ ሰው እንዲህ አጠገቤ ቆመው ውሸት ሲያበድሩኝ ስመለከት ከራሴ ይልቅ ለሳቸው አፈርኩ።

ማክሰኞ ሲኞሬው ጋ ለአንድ ሰዓት ብቅ ብዬ ነበር፣ መድኃኒት ላድርስ። ገና ሳልቀመጥ «ምን ምን ካርታ ደረሰሽ?» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን አቆብቁበው። አንዱንም አላስታውስም አልኳቸው። አዘኑብኝ።

ረቡዕ ሦስተኛው ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ተመናምኖ እኔና እሷ ብቻችንን ቀረን። ፍራሹ መሬት ላይ ነው፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እኔ የተበደርናቸውን ወንበሮች እያጣጠፍኩ። ውጭ ትራሙ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። በሦስቱ ቀን ድምፅዋ ተዘግቶ ስለነበር ስትናገር መጀመሪያ አልሰማኋትም።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የደወሉልሽ?» ነበር ያለችው።

እትዬ ያበደሩኝ ውሸት አፌ ላይ ነበር። ቅዳሜ ማታ ማለት ቀላል ነው፤ ታምነኛለች፣ ስታምነኝ ነው የኖረችው። ወንበሩን አስቀመጥኩ።

«ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ» አልኳት።

«የሌሊቱ?»

«የቀኑ። ወፍጮ ቤቱ ጋ። አንቺ ውስጥ ሳለሽ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መንገዱን እየቆጠረች ነበር። ከሉካ ፊዩሚቺኖ፣ ከፊዩሚቺኖ አዲስ አበባ፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። እኔ ከመኪናው ኋላ ቆሜ ያሰብኩትን ነው፣ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር። ስትጨርስ ዓይኗን ገለጠች። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ፤ ተነሥታ ብትመታኝ እንዴት በወደድኩ። «ካርታውን ፈልጌ ነው» አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ። «ወግ ነው ብዬ እንዳላታልልሽ። ካርታውን ፈልጌ ነው።»

ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም፤ እንደ ደከመው ሰው ነበር የተናገረችው።

«ታዲያ ምናለ» አለችኝ፣ «አሸንፈሽ እንኳ ቢሆን ኖሮ።»